የጎራዴው እውነት ከእጀታው ሥር ነው

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቦታው ለንደን። ወጣቱ ስልኩን በእጁ ይዞ አጎቱ ቤት ደረሰ። አጎቱ ከጡረታ ወዲህ ጊዜያቸውን ለጃፓን ጥንታዊ ጎራዴዎች የሰጡ ሰው ናቸው፤ ፍቅሩ ወደ እሱም ተጋብቷል። በኢንተርኔት ላይ ያየው ጨረታ ሊዘጋ ሦስት ሰዓት ቀርቶታል።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ይህን ይዩልኝ። የሳሙራይ ጎራዴ ነው፤ የማሳሙኔ ፊርማ አለበት ይላል። ዋጋው ደግሞ ከአንድ ወር ደመወዜ አይበልጥም። ሳያመልጠኝ ልግዛው?

አዛውንት፦ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ማሳሙኔ ማለት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 14ኛው መግቢያ የኖረ፣ ጃፓኖች በእጅጉ የሚያከብሩት ባለ እጅ ነው። የእሱ ሥራ ናቸው ከሚባሉት ረጃጅም ጎራዴዎች አብዛኞቹ ፊርማ የላቸውም። ታዲያ ስሙ በግልጽ የተቀረጸበት ጎራዴ በወር ደመወዝ ከቀረበልህ ምን ትላለህ? በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኤዶ ከተማ የኖረው ባለ እጅ ኮቴትሱም እንዲሁ ነው፤ ስሙ በሐሰት የተቀረጸበት ብረት ተቆጥሮ አያልቅም።

ጠያቂ፦ ፊርማው ሐሰት ከሆነ ጎራዴው ራሱ ሐሰት ነው ማለት ነው?

አዛውንት፦ የግድ አይደለም። በሌላ ባለ እጅ የተሠራ መልካም ጎራዴ ላይ፣ ዋጋው እንዲወደድ ብሎ ሌላ ሰው ከጊዜ በኋላ ታላቅ ስም ይቀርጽበታል። በተቃራኒው ደግሞ ፊርማ የሌለው ሁሉ ተራ አይደለም። የጥንቶቹ ረጃጅም ጎራዴዎች ለወገብ እንዲመቹ በኋላ ዘመን ሲያጥሩ፣ የሚቆረጡት በእጀታው በኩል ስለነበረ ፊርማቸው አብሮ ሄዷል። ስለዚህ ስሙን ተወውና ብረቱን ጠይቅ።

ጠያቂ፦ ብረት በስልክ ፎቶ እንዴት ይጠየቃል?

አዛውንት፦ ከተደበቀው ክፍል ትጀምራለህ። እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ ናካጎ ይባላል። እጀታውን የሚይዘው አንዲት የቀርከሃ ችንካር ናት፤ እሷ ስትወጣ ናካጎው ይታያል። ሻጩን የዚህን ክፍል ፎቶ በሁለቱም ወገን ጠይቀው። የብዙ መቶ ዓመት ዝገት ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ለስለስ ይላል። ቀላ ያለ፣ የሚፈረፈር፣ ትናንት በውሃና በጨው የመጣ የሚመስል ዝገት ካየህ ተጠራጠር። የሞረዱን መስመሮችና የፊርማውን አቀራረጽም አስተውል፤ የባለሙያ እጅ ይታወቃል። «እጀታው አይፈታም» የሚልህን ሻጭ አመስግነህ ተሰናበተው።

ጠያቂ፦ ዝገቱ ካስቀየመኝ ከገዛሁ በኋላ ባጸዳውስ?

አዛውንት፦ አደራህን! እኔ የመጀመሪያውን ጎራዴዬን የገዛሁ ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ናካጎውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አብለጨለጭሁት። በኋላ ለአንድ ዐዋቂ ባሳየው በዝምታ ተመለከተኝ። የጎራዴውን የልደት ምስክር ወረቀት በገዛ እጄ ቀድጄው ኖሯል። ያ ዝገት ዕድሜውን የሚናገር ዋነኛ ምስክር ነው፤ አንዴ ከተነሣ አይመለስም።

ጠያቂ፦ ከናካጎው ቀጥሎስ ምን ልይ?

አዛውንት፦ ስለቱን። ባለ እጁ ጎራዴውን ከማጥለቁ በፊት ጭቃ ይቀባዋል፤ ደንደሱ ላይ ወፈር፣ ስለቱ ላይ ሳሳ አድርጎ። ግሎ ውሃ ውስጥ ሲገባ ስለቱ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፤ ደንደሱ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ በቀላሉ የማይሰበር ሆኖ ይቀራል። በሁለቱ መካከል የሚታየው ነጣ ያለ ሞገድ ሃሞን ይባላል። ዛሬ በአሲድ የተሣለ ሃሞን ያላቸው አዳዲስ ጎራዴዎች «ጥንታዊ» ተብለው ይሸጣሉ። እውነተኛው በብርሃን ፊት ሲያዘነብሉት ከውስጡ ጥቃቅን ብልጭታ ያሳያል፤ የተሣለው ግን ላዩ ላይ የተለጠፈ ነጭ ቀለም ይመስላል።

ጠያቂ፦ እውነተኛ ሆኖ የማይገዛስ አለ?

አዛውንት፦ አለ እንጂ። ከስለቱ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ደንደሱ የሚያመራ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለ፤ ሃጊሬ ይሉታል። እሱ ያለበት ጎራዴ ሊሰበር ይችላል፤ መድኃኒትም የለውም። ጫፉ ተሰብሮ ተሞርዶ ሃሞኑ እዚያ ላይ ከጠፋም እንዲሁ ነው። ስለቱ ላይ ያለ ትንሽ ዝገት ወይም ጭረት ግን በባለሙያ ይነሣል። ሆኖም አስብበት፤ ጎራዴን በድንጋይ ስሎ የሚያጠራ የሠለጠነ ባለሙያ የሚያስከፍለው ዋጋ ጎራዴው ከተገዛበት ሊበልጥ ይችላል። «ትንሽ ማጥራት ብቻ ነው የሚቀረው» የሚል ማስታወቂያ ካየህ ሒሳቡን አስቀድመህ ሥራ።

ጠያቂ፦ «አያቴ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያመጡት ነው» የሚሉም ብዙ ናቸው።

አዛውንት፦ አንዳንዱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1945 በኋላ የአሜሪካና የእንግሊዝ ወታደሮች ብዙ ጎራዴ ይዘው ተመልሰዋል። ከእነዚህ መካከል በፋብሪካ በብዛት የተመረቱ፣ ናካጎአቸው ላይ ማኅተም የተመታባቸው አሉ፤ የበታች ሹማምንት ከታጠቁት ደግሞ ተከታታይ ቁጥር ያለባቸው አሉ። እነዚህ የጦርነት ታሪክ ናቸው፤ በሳሙራይ ዋጋ ግን አይገዙም። ደግሞም በወታደር እጀታና አፎት ውስጥ ከቤተሰብ የወረደ የጥንት ስለት የተገኘበት ጊዜ አለ። ልብሱ አያታልልህ፤ ገላውን እይ።

ጠያቂ፦ ይህ ሻጭ «የጃፓን ሰነድ አለው» ይላል። ያ አይበቃም?

አዛውንት፦ የትኛው ሰነድ? ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጃፓን ውስጥ ማንኛውም ጎራዴ የምዝገባ ካርድ ሊኖረው ይገባል። ካርዱ ርዝመቱን፣ ቁልምሙን፣ የችንካር ቀዳዳውን ቁጥርና ፊርማውን ይመዘግባል፤ ፊርማው እውነት ነው ብሎ ግን አይመሰክርም። ምስክርነት የሚሰጡ ሌሎች ናቸው። ከእነሱ ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የጥበብ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር ነው። የዛሬዎቹ ደረጃዎቹ ከታች ወደ ላይ ሆዞን፣ ቶኩበትሱ ሆዞን፣ ጁዮ እና ቶኩበትሱ ጁዮ ናቸው። ለጀማሪ ሆዞን ያለው ጎራዴ መልካም መነሻ ነው። ሰነዱ ላይ የናካጎው ምስል አለ፤ ከሚሸጥልህ ጋር ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ጭረት በጭረት አመሳክር። ሰነዱ የሌላ ጎራዴ ሊሆን ይችላልና።

ጠያቂ፦ ከጃፓን በቀጥታ ባስመጣስ?

አዛውንት፦ ይቻላል፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ጎራዴው ከአገር እንዲወጣ ከባህል ጉዳዮች ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠየቃል፤ የምዝገባ ካርዱም እዚያው ይመለሳል። ሳምንታት ይፈጃል። «ነገ እልክልሃለሁ፣ ወረቀት አያስፈልግም» የሚልህ ሰው ችግር ነው የሚልክልህ። እዚህ ብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ 50 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቆልማማ ጎራዴ ማስገባትና መሸጥ ተከልክሏል። እ.ኤ.አ. ከ1954 በፊት የተሠሩት ወይም በጥንቱ የእጅ ጥበብ የተሠሩት ግን ከክልከላው ወጥተዋል። ይህን የሚያስረዳ ሰነድ በእጅህ ይኑር። ሌላ አገር ያለ ገዢም የአገሩን ጉምሩክ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ጠያቂ፦ እንግዲህ ይህኛውን ልተወው ማለት ነው?

አዛውንት፦ የናካጎው ፎቶ አለ?

ጠያቂ፦ የለም።

አዛውንት፦ ከገዛህ በኋላ የመመለስ መብትስ?

ጠያቂ፦ እሱም የለም።

አዛውንት፦ እንግዲያው ይዘጋ። አንተ በሚቀጥለው ቅዳሜ ብሪቲሽ ሙዚየም ወይም ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሂድና እውነተኞቹን በዐይንህ ጠግበህ እይ። ከዚያ የኮካን ናጋያማን መጽሐፍ አንብብ፤ እሱ ዕድሜውን ጎራዴ በማጥራት የፈጀ ጃፓናዊ ነው። የመጀመሪያ ገንዘብህን ለመጽሐፍ፣ ሁለተኛውን ለጎራዴ አውጣ።

ጠያቂ፦ እሺ ጋሼ። ገዝቼ በእጄ ሲገባስ?

አዛውንት፦ ስለቱን በጣትህ አትንካ፤ የጣት ላብ ያዝገዋል። ስትመዘው ስለቱ ወደ ላይ ይሁን። ስስ ዘይት ቀባው፤ ናካጎውን እንዳለ ተወው፤ ራስህ ልሳለው አትበል። ልጄ፣ አራት መቶ ዓመት የኖረ ጎራዴ የአንተ ንብረት አይደለም። ከአንተ በፊት አሥር፣ ሃያ ሰው ጠብቆ አሳልፎታል። ዋጋ ከፍለህ የምትቀበለው አደራ ነው፤ ከአንተ በኋላ ለሚመጣው እንደተቀበልኸው አስረክበው።