ቅጠሉ ስንት ሰዓት ረጠበ?
የጓሮ አትክልት የቅጠል በሽታዎችን ስለመለየትና ስለመከላከል

በጓሮ በተተከለ ቲማቲም ወይም ድንች ቅጠል ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ብቅ ሲል በብዙ ቤት የሚወሰደው ርምጃ አንድ ነው፤ ከገበያ የተገኘው መድኃኒት ተበጥብጦ ይረጫል። የሕመሙ ምክንያት ቫይረስ ወይም የአፈር ምግብ እጥረት ከሆነ ግን ርጭቱ ተክሉን ሳያድን መርዙን ወደ ማዕድ ሊያደርስ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ምልክቶችን እንዴት እንደምንለይ፣ ቀጥሎም የብዙዎቹን የቅጠል በሽታዎች ዕጣ የሚወስነውን አንድ ሊለካ የሚችል ነገር እንመለከታለን። ይኸውም ቅጠሉ በውኃ ተሸፍኖ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ምልክቱን ማንበብ

የምግብ እጥረት ሥርዓት አለው። ናይትሮጅን ሲያንስ ተክሉ ያለውን ወደ ለጋዎቹ ስለሚያሸጋግር በታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ወጥ በሆነ ሁኔታ ቢጫ ይሆናሉ። ብረት ሲያንስ ግን የሚገረጡት ለጋዎቹ ናቸው፤ ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ሕይወት ያለው በሽታ አምጪ ይህን ሥርዓት አይጠብቅም፤ ካረፈበት ነጥብ ተነሥቶ ይስፋፋል።

በቲማቲምና በድንች የታችኛ ቅጠሎች ላይ የሚጀምር፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሳሉ ክቦችን የመሰለ ቡናማ ነጠብጣብ አልተርናሪያ የተባለው ፈንገስ ምልክት ነው። በውኃ የራሰ የሚመስል፣ በፍጥነት እየሰፋ የሚጠቁርና ማለዳ ላይ በቅጠሉ ጀርባ ዳር ዳሩን ነጭ ሻጋታ የሚያሳይ ከሆነ ግን አደገኛው ፋይቶፍቶራ ነው። በዱባ ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ሲመስል ሌላ ዓይነት ፈንገስ አለ ማለት ነው። ቅጠሉ አረንጓዴና ቢጫ ተዥጎርጉሮ ከተጨማደደ ቫይረስን እንጠረጥራለን።

ጥርጣሬን በቀላል ሙከራ መፈተሽ ይቻላል። የታመመውን ቅጠል ከረጠበ ሶፍት ጋር በላስቲክ ከረጢት አስገብቶ፣ አፉን ቋጥሮ ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ማሳደር ነው። ፋይቶፍቶራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን በቁስሉ ጠርዝ ላይ ነጩ ሻጋታ ይወጣል። በምግብ እጥረት ቢጫ የሆነ ቅጠል እንዲህ ያለ የቁስል ጠርዝ ሻጋታ አያሳይም።

የውኃው ሚና

በ1845 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ የድንች ማሳዎች በዚሁ በሽታ ወደሙ፤ በተከተለው ረኀብና ወረርሽኝ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። በጊዜው ከነበሩት ሊቃውንት አንዳንዶቹ ድንቹ ከዝናቡ ብዛት የተነሣ በሰበሰ፣ ሻጋታውም የብስባሴው ውጤት ነው ብለው ነበር። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ በ1860ዎቹ በሽታውን የሚያመጣው ራሱ ሻጋታ መሰሉ ሕያው አካል መሆኑን በሙከራ አረጋገጠ። ዝናቡ በሽታውን አልፈጠረም፤ በሩን ግን ከፍቶለታል።

በሩ የሚከፈተው እንዲህ ነው። የፋይቶፍቶራ ስፖር በውኃ ጠብታ ውስጥ ሆኖ ሙቀቱ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ ጅራት ያላቸው ጥቃቅን ዋናተኛ ሕዋሳትን ይለቃል፤ እነርሱም ዋኝተው ቅጠሉን ይወጋሉ። ለዚህ ጥቂት ሰዓታት ይበቁታል። ጠብታው ከዚያ በፊት ከደረቀ ሕዋሳቱ ይሞታሉ።

ዝናብ ባይዘንብም ቅጠል ይረጥባል። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ቅጠሉ ሙቀቱን በጨረራ ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ የውኃ ተን ሊይዝ ይችላል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ብዙም አይበልጥም። ትርፉ ጤዛ ሆኖ በቅጠሉ ላይ ያርፋል። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በሚጠራበት በጥቅምት ወርም በሽታው ሊቀጥል የሚችለው ስለዚህ ነው። በዱባ ላይ የሚታየው ዱቄት መሰል ፈንገስ ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ነው፤ ስፖሩ ያለ ውኃ ጠብታ ስለሚበቅል በበጋም ይስፋፋል።

ከርጭት በፊት

እንግዲህ ሕክምናው በአብዛኛው የእርጥበቱን ሰዓት ማሳጠር ነው። አመሻሽ ላይ የጠጣ ተክል ቅጠሉ ከረጠበ ሌሊቱን እርጥብ ሆኖ ያድራል፤ ማለዳ ላይ የጠጣ ግን ፀሐይ ታደርቀዋለች። ስለዚህ በማለዳ፣ ውኃውንም ከሥሩ እንጂ ከላይ አለማፍሰስ ነው። ቲማቲምን በእንጨት ደግፎ ማቆምና አራርቆ መትከል ነፋስ በቅጠሎቹ መካከል እንዲያልፍ ያደርጋል። በሥሩ ገለባ ማልበስም የዝናብ ጠብታ አፈርን ከነበሽታው ወደ ታችኛው ቅጠል እንዳይረጭ ይከለክላል።

የታመመውን ቅጠል በደረቅ ሰዓት ቆርጦ ርቆ መቅበር ይገባል። ፋይቶፍቶራ በአፈር ውስጥ በቀረ ድንች ተሸሽጎ ሊከርም ስለሚችል ከመከር የተረፈውን ለቅሞ ማውጣት፣ ዘመዳሞቹን ድንችና ቲማቲምን ጎን ለጎን አለመትከልም ይረዳል። በቫይረስ የተያዘ ተክል መድኃኒት የለውም፤ ለሌሎቹ ሲባል መነቀል አለበት።

የርጭት ቦታው ከዚህ በኋላ ነው። በ1885 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ለወይን የታወጀው የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ድብልቅ ዛሬም ይሠራበታል፤ ነገር ግን መዳብ ስፖሩን የሚገድለው በቅጠሉ ገጽ ላይ ነው። ጤነኛውን ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አይፈውስም፤ ዝናብም ያጥበዋል። ማንኛውንም መድኃኒት የሚረጭ ሰው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ማድረግ፣ ከርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበትን የቀን ብዛትም ከዕቃው ላይ አንብቦ ማክበር አለበት።

ለተማሪዎች አንድ ሥራ እንተዋለን። በየማለዳው የጓሮው ቅጠል ጤዛ የደረቀበትን ሰዓት ለአንድ ወር ይመዝግቡ፤ ከጎኑም አዲስ የወጣውን ነጠብጣብ ቆጥረው ይጻፉ። ስፖሩ ከገባ በኋላ ምልክቱ ለመታየት ቀናት ስለሚፈጅበት የዛሬው ነጠብጣብ የዛሬ ጤዛ ውጤት አይደለም። ስንት ቀን እንደዘገየ ከሰንጠረዡ ለማውጣት ይሞክሩ።