የጭራቅ የሕይወት ነጥብና የውጊያ ሚዛን፦ በባለስድስት ገጽ ዳይስ የተደረገ ስሌት

መግቢያ

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄድ ምናባዊ የሚና ጨዋታ፣ አንድ ፍጡር ከመውደቁ በፊት ሊሸከም የሚችለው የጉዳት መጠን «የሕይወት ነጥብ» በሚባል ቁጥር ይገለጻል። የጨዋታው መሪ አንድን ጭራቅ ይበልጥ አስፈሪ ለማድረግ ሲያስብ በቅድሚያ የሚጨምረው ይህንኑ ቁጥር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልማድ መመርመር ነው። የሕይወት ነጥብ በዋናነት የውጊያውን ርዝመት የሚለካ መሆኑንና ድምሩ እኩል የሆነ የሕይወት ነጥብ እኩል አደጋ እንደማያስከትል በስሌት ያሳያል።

ለማሳያነት የቀረበው ከቢላ የሚነሱ አራት መንገደኞችን የሚመለከት ምናባዊ ጀብዱ ነው። መንገደኞቹ በአንድ ወገን በኦሮምኛ ተረት «ቡልጉ» የሚባለውን ሰው በላ ጭራቅ፣ በሌላ ወገን የጅብ መንጋ ይገጥማሉ። ስሌቱ በሉዶ ጨዋታ በሚታወቀው ባለስድስት ገጽ ዳይስ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም።

የሐሳቡ አመጣጥ

በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው «ቼይንሜል» የተሰኘ የጦርነት ጨዋታ ሕግ ተራ ተዋጊ በአንድ ምት ይወድቅ ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን ያሳተሙት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ግን እያንዳንዱን ፍጡር በሕይወት ነጥብ መዘነ። በዚያ እትም የፍጡራን የሕይወት ነጥብም ሆነ የአንድ ምት ጉዳት በአብዛኛው በባለስድስት ገጽ ዳይስ ይወሰን ነበር። የዳይሱ አማካይ 3.5 ስለሆነ አንድ የሕይወት ዳይስ አንድን ምት የመቋቋም አቅም ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሕይወት ነጥብ ከመነሻው የምት ቆጠራ ነው፤ ፍጡሩ ምን ያህል እንደሚጎዳ አይናገርም።

አንድ ጭራቅ

አራቱ ተጫዋቾች ዳይስ ጥለው 3 እና ከዚያ በላይ ሲያገኙ ይመታሉ እንበል። የእያንዳንዱ ምት ጉዳት የአንድ ዳይስ ውጤት ነው። የአንድ ሙከራ አማካይ ጉዳት 2.33 ሲሆን፣ አራቱ በአንድ ዙር ወደ 9.3 ነጥብ ያደርሳሉ። ጭራቁ 28 ነጥብ ቢኖረው ውጊያው 3 ዙር ገደማ ይፈጃል። ጭራቁ በበኩሉ በዙር አንድ ጊዜ ሰንዝሮ በ4 እና ከዚያ በላይ ቢመታና ጉዳቱ የሁለት ዳይስ ድምር ቢሆን፣ በዙር በአማካይ 3.5፣ በጠቅላላው 10.5 ነጥብ ያደርሳል። እያንዳንዱ ተጫዋች 10 ነጥብ ካለው ይህ የቡድኑ ጠቅላላ አቅም ሩብ ያህል ነው።

የጭራቁ ነጥብ ወደ 56 ቢያድግ ውጊያው 6 ዙር፣ የቡድኑም ጉዳት 21 ይሆናል። አደጋው በእጥፍ ያደገው ውጊያው በእጥፍ ስለረዘመ ብቻ ነው፤ የእያንዳንዱ ዙር ስጋት አልተለወጠም። ከዚህ የሚመነጨው መሰልቸት በተግባር ታይቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው አራተኛው የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እትም፣ ብቻውን ሙሉ ቡድን እንዲገጥም የተዘጋጀ ጭራቅ ብዙ ነጥብ ስለነበረው ውጊያው ይንዛዛል የሚል ቅሬታ በሰፊው ቀርቦበት ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው የጭራቆች መጽሐፍ የጭራቆቹን ጉዳት ከፍ በማድረግ ለዚህ ምላሽ ሰጥቷል።

የጅብ መንጋ

አሁን ያው 28 ነጥብ እያንዳንዳቸው 4 ነጥብ ላላቸው 7 ጅቦች ይከፈል። አንድ ጅብ በ4 እና ከዚያ በላይ ይነክሳል፤ ጉዳቱም የአንድ ዳይስ ውጤት ነው። በአማካይ የአንዱ ጉዳት በዙር 1.75 ሲሆን፣ የሰባቱ 12.25 ይሆናል፤ ይህም የጭራቁ ሦስት ተኩል እጥፍ ነው። በተጨማሪም 4 ነጥብ ባለው ጅብ ላይ ያረፈ የ6 ነጥብ ምት ሁለቱ ይባክናሉ። ስለዚህ አንድ ጅብ ለመጣል በአማካይ 1.59 ምት፣ ማለትም 2.38 ሙከራ ያስፈልጋል።

ተጫዋቾቹ ጅቦቹን አንድ በአንድ ቢጥሉ የጉዳቱ መጠን የ7፣ የ6፣ የ5 እያለ እስከ 1 የሚወርደውን ድምር፣ ማለትም 28ን ተከትሎ ወደ 29 ነጥብ ይደርሳል። የጭራቁ 10.5 ነበር። ጅቦቹ 14 ቢሆኑ ድምሩ 105፣ ጉዳቱም ወደ 109 ነጥብ ይሆናል፤ 40 ነጥብ ብቻ ያለው ቡድን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ያልቃል። የአንድን ጭራቅ ነጥብ በእጥፍ ማሳደግ አደጋውን በእጥፍ ሲጨምር፣ የመንጋውን ቁጥር በእጥፍ ማሳደግ ግን ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ይህ ፍሬድሪክ ላንቸስተር በ1916 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጦር ኃይል ካብራራው የካሬ ሕግ ጋር ይስማማል። በ2014 እ.ኤ.አ. እትምም 59 ነጥብ ያለው አንድ ኦገርና በድምሩ 56 ነጥብ ያላቸው 8 ጎብሊኖች እኩል ፈተና የማይሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው።

ውይይት

ከስሌቱ ሦስት ነጥቦች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ መሪው በቅድሚያ ውጊያው ስንት ዙር እንዲቆይ እንደሚፈልግ ይወስን፤ ያንን በቡድኑ የአንድ ዙር አማካይ ጉዳት ሲያባዛ የጭራቁን የሕይወት ነጥብ ያገኛል። ሁለተኛ፣ ስጋት እንዲጨምር ከተፈለገ የሚነካው የጭራቁ ጉዳት ወይም የተዋጊዎቹ ቁጥር ነው። ሦስተኛ፣ መንጋው እስከ መጨረሻው መዋጋት የለበትም። ጅቦቹ ሦስት ከወደቁባቸው በኋላ ቢሸሹ፣ አንድም የሕይወት ነጥብ ሳይቀነስ የቡድኑ ጉዳት ከ29 ወደ 19 ገደማ ይወርዳል።

አንዳንድ መሪዎች ውጊያው እየተካሄደ ሳለ የጭራቁን ነጥብ በስውር ይለውጣሉ። ይህ አንድን ምሽት ሊያድን ይችላል፤ ነገር ግን የተጫዋቾችን ውሳኔ ዋጋ ያሳጣል። በብልሃት የተገኘ ትልቅ ምት ጭራቁን ከታሰበው ዙር በፊት ካልጣለው ብልሃቱ ከንቱ ነው፤ ተጫዋቾቹም ውሎ አድሮ ይህን ይደርሱበታል። ነጥቡ አስቀድሞ በስሌት ከተወሰነና ጭራቁ ግማሹን ሲያጣ ማነከሱ ወይም መድማቱ በግልጽ ከተነገረ፣ መሸሽም ሆነ መግፋት የተጫዋቾቹ የራሳቸው ውሳኔ ይሆናል።

ስሌቱ በአማካይ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ፈውስን፣ የመሬት አቀማመጥንና በውጊያው መካከል የሚወድቁ ተጫዋቾችን አያካትትም። በተለይ የመጨረሻው፣ የተጫዋቹን ወገን ምት ስለሚቀንስ፣ በመንጋው በኩል የተገኘውን አደጋ ይበልጥ ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።