የእናት ማሳና መንገደኛው ልጅ፦ የርስት አያያዝ በሚናንግካባው ገጠር

በገጠር ልማት ሥራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «መሬቱ የማን ነው?» የሚለው ነው። የመልሱን ክብደት ግን ብዙ ጊዜ የምንረዳው የውኃ ጉድጓዱ ከተቆፈረ፣ ችግኙም ከተተከለ በኋላ ክርክር ሲነሣ ነው። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ዓምድ ከአገራችን ርቀን፣ በኢንዶኔዥያ የሱማትራ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል የሚኖረውን የሚናንግካባው ሕዝብ የገጠር ኑሮ እንመለከታለን። ሕዝቡ በሃይማኖቱ ሙስሊም ሲሆን የትውልድ ሐረጉን የሚቆጥረው በእናት በኩል ነው። የአያቶች መሬት ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይወርዳል፤ ወንዶች ልጆች ደግሞ በወጣትነታቸው መንደሩን ለቀው እንጀራ ፍለጋ ይሄዳሉ።

መንደሩ በቋንቋቸው ናጋሪ ይባላል። ብዙዎቹ ናጋሪዎች 2,891 ሜትር ከፍታ ባለው የማራፒ እሳተ ገሞራ ዙሪያና በአካባቢው ሸለቆዎች ይገኛሉ። አፈሩ ለም ነው፤ በእርከን የተሠራው የሩዝ ማሳ ከላይ ወደ ታች በሚወርድ የጋራ ቦይ ይጠጣል። ጣሪያው እንደ ጎሽ ቀንድ ወደ ላይ የሾለው ሩማህ ጋዳንግ፣ ማለትም «ታላቅ ቤት»፣ የአንድ እናት ዘሮች ቤት ነው። በውስጡ ያሉት ክፍሎች የሴቶች ናቸው፤ ከደጁ ፊት ለፊት የእህል ጎተራዎች ይቆማሉ። በቀድሞው ልማድ ወንድ ልጅ ከፍ ሲል በእናቱ ቤት አያድርም ነበር፤ ከእኩዮቹ ጋር በመንደሩ የጸሎት ቤት ያድራል፤ ቁርኣን ማንበብንም የሚማረው በዚያው ነበር። ካገባ በኋላም ወደ ሚስቱ ቤት የሚገባው እንደ እንግዳ ነው። እነርሱ ራሳቸው ባልን በጉቶ ላይ ባረፈ አመድ ይመስሉታል፤ ነፋስ ሲመጣ ይበናልና።

ይህ ንግግር ለባልየው የሚያስደስት አይመስለንም። ከሴቲቱ ወገን ሆነን ስናየው ግን ትልቅ ነገር አለበት። ባሏ የሞተባት ወይም የተፈታች ሴት ከቤቷ የምትወጣበት፣ ከማሳዋም የምትነቀልበት ምክንያት የለም። ቤቱም ማሳውም የእናቷ ወገን ነው፤ ልጆቿም የዚያው ወገን ናቸው። በብዙ አገሮች ፍቺና የባል ሞት ሴትን ለድህነት የሚዳርጉ መሆናቸውን የምናውቅ ሰዎች ይህን እንደ ቀላል ነገር ልናልፈው አንችልም።

ንብረት በእነርሱ ዘንድ ሁለት ዓይነት ነው። ከአያት ቅድመ አያት የወረደው መሬት የወገኑ ሁሉ የጋራ ርስት ሲሆን፣ ባልና ሚስት በሕይወት ዘመናቸው ያፈሩት ደግሞ የራሳቸው ነው። የጋራውን ርስት ሴቶቹ ይጠቀሙበታል፤ ጠባቂው ግን ማማክ የሚባለው የእናት ወንድም ነው። በአማርኛ የእናትንም የአባትንም ወንድም አጎት ብለን ስለምንጠራ ልዩነቱ ላይታየን ይችላል። በሚናንግካባው ግን የእናት ወንድም ለእህቱ ልጆች ኃላፊነት አለበት፤ ያለ እርሱ ፈቃድ በርስቱ ላይ አንዳች ነገር አይደረግም።

የአያቶችን መሬት መሸጥ በልማድ ክልክል ነው። ሲቸግር በወለድ አግድ ይሰጣል፤ ይኸውም ገንዘብ ያበደረው ሰው ብድሩ እስኪመለስ ድረስ ማሳውን እያረሰ ይጠቀምበታል። ለዚህም ልማዱ የሚቀበለው አራት ምክንያቶችን ነው፦ በቤት ውስጥ ያልተቀበረ አስከሬን ሲኖር፣ የታላቁ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ፣ ለአካለ መጠን የደረሰች ልጅ ሳትዳር ስትቀር፣ እንዲሁም የወገኑን አለቃ ለመሾም ወጪ ሲያስፈልግ። ዕዳው በብዙ ቦታ የሚቆጠረው በወርቅ ነው፤ ገንዘብ ዋጋው ቢወድቅም አበዳሪው እንዳይጎዳ ነው። ተበዳሪው ግን የወርቅ ዋጋ በናረ ቁጥር ርስቱን ማስመለስ ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ የመንግሥት ሕግ በወለድ አግድ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ የእርሻ መሬት ያለ ክፍያ ለባለቤቱ ይመለስ ይላል። በመንደሩ ግን ያበደረን ሰው ባዶ እጁን መስደድ ነውር ስለሆነ ሕጉ ብዙም አልተሠራበትም።

ወንዶቹ የሚወጡበት ጉዞ መራንታው ይባላል። በመሬቱ ላይ የራሱ ድርሻ የሌለው ወጣት በመንደሩ ገና አይፈለግም ይባላል፤ ስለዚህ ሄዶ ሙያ፣ ገንዘብና ዕውቀት ይዞ መምጣት አለበት። ቀድሞ ከፓዳንግ ወደብ በመርከብ ይጓዙ ነበር፤ በኋላ በአውቶቡስ፣ ዛሬ ደግሞ በአውሮፕላን ይሄዳሉ። በኢንዶኔዥያ ከተሞች ሁሉ የሚገኙት የፓዳንግ ምግብ ቤቶች የዚህ ጉዞ ፍሬ ናቸው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ምክትል ፕሬዚዳንት ሞሐመድ ሐታም በ1902 የተወለደው በዚሁ ምድር፣ በቡኪቲንጊ ከተማ ነው። በጾም ፍቺ በዓል መንገደኞቹ በብዛት ይመለሳሉ፤ የፈረሰ ቤት ይታደሳል፤ በወለድ አግድ የተያዘ ማሳም ይለቀቃል። መንገዱ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን በግንቦት 2024 ታይቷል። ከማራፒ የወረደው የአመድና የድንጋይ ጎርፍ ከ60 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ከፓዳንግ ወደ ደጋው የሚወጣው ዋና መንገድ ከሁለት ወር በላይ ተዘግቶ ነበር።

ልማድና ሃይማኖት በቀላሉ አልታረቁም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእስልምና ሕግ በጥብቅ ይፈጸም የሚሉ ወገኖች ከልማድ አለቆች ጋር ተዋግተዋል፤ ጦርነቱም ከኔዘርላንድ ቅኝ ገዥዎች ጋር ተያይዞ እስከ 1837 ዘልቋል። በ1952 በቡኪቲንጊ የተሰበሰቡ የሃይማኖት ሊቃውንትና የልማድ አለቆች፣ የአያቶች ርስት በልማድ፣ ሰው በራሱ ድካም ያፈራው ሀብት ደግሞ በእስልምና የውርስ ሕግ እንዲተላለፍ ተስማሙ። ስለዚህ መንገደኛው አባት በከተማ የሠራውን ቤት ለልጆቹ ያወርሳል፤ የእናቱን ማሳ ግን አያወርስም።

የመንግሥት አሠራር ይህን ሥርዓት ሳያስበው ሲያናጋ ታይቷል። በ1979 የወጣው የመንደር አስተዳደር ሕግ በምዕራብ ሱማትራ ከ1983 ጀምሮ ተግባራዊ ሲሆን፣ ድጎማው በመንደር ቁጥር ይታደል ስለነበር ከ500 በላይ የነበሩት ናጋሪዎች ከ3,000 በላይ ወደሆኑ ትናንሽ መንደሮች ተከፋፈሉ። ገንዘቡ በዛ፤ የጋራ መሬትና የጋራ ሽምግልና የነበረው ሕዝብ ግን ተበታተነ። ናጋሪዎቹ የተመለሱት ከ2000 በኋላ ነው። እርዳታ በሚከፋፈልበት ሚዛን ሕዝብ ራሱን እንደሚከፋፍል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

ዛሬ ደግሞ የሚያሳስበው የይዞታ ምዝገባ ነው። ከ2017 ጀምሮ የኢንዶኔዥያ መንግሥት የአገሪቱን መሬት በሙሉ መዝግቦ የምስክር ወረቀት ለመስጠት ሰፊ ሥራ ጀምሯል። ዓላማው ደግ ነው፤ ወረቀት ያለው ገበሬ ከባንክ ይበደራል፣ ከነጣቂም ይጠበቃል። ነገር ግን የጋራው ርስት በአንድ ሰው ስም ከተጻፈ ያ ሰው በሕግ ፊት ብቸኛ ባለቤት ይሆናል፤ መያዣ ሊያደርገውም ሊሸጠውም ይችላል። በጃካርታ የሚሠራ ወንድም ከዓመታት በኋላ ሲመለስ፣ እህቱና ልጆቿ የሚያርሱት ማሳ የባንክ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። በቀድሞው የአገራችን የርስት ሥርዓት በእናትም በአባትም እየቆጠሩ ይካፈሉ የነበሩ አባቶቻችን ይህ ጭንቀት አይጠፋቸውም ነበር።

በእኛም የሥራ ቅጾች ላይ «የቤተሰብ ኃላፊ» ከሚለው ቃል ጎን ያለው ክፍት ቦታ ለአንድ ስም ብቻ የሚበቃ ነው። በሚናንግካባው ያ ቦታ በማን ስም ይሞላል? የምታርሰው እህት አለች፤ የሚጠብቀው አጎት አለ፤ በሚስቱ ቤት የሚያድረው ባል አለ፤ ከሩቅ ገንዘብ የሚልከው ወንድም አለ። ጥንቃቄ በሚደረግባቸው ናጋሪዎች የጋራ ርስት ለምዝገባ ሲቀርብ የወገኑ የትውልድ ሐረግ በወረቀት ተሥሎ ይያያዛል። ከላይ የመጀመሪያዋ እናት ትጻፋለች፤ ከሥሯ ሴቶች ልጆቿና የእነርሱ ልጆች ይዘረዘራሉ፤ በመንገድ ላይ ያሉትም ሳይቀሩ። አጎትየው የሚፈርመው ያ ወረቀት ከተነበበና ወገኑ ከተስማማበት በኋላ ነው።