ቀዩ ወፍና ስቲንግሬይ ይዛመዳሉ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ልጄ ጓሯችን የሚመጣውን ቀይ ወፍ ከስቲንግሬይ ጋር እንዲያነጻጽር የቤት ሥራ ተሰጠው። ይዛመዳሉ? ለመጥፋት የሚያሰጋውስ የትኛው ነው?

መልስ፦ ዝምድናቸው የሩቅ ነው። ሁለቱም ደንደሴ እንስሳት ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ይለያያሉ። ቀዩ ወፍ ወንዱ ካርዲናል ነው፤ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኦሃዮ ግዛት ወፍ ሲሆን ከዘማሪ ወፎች ይመደባል። ስቲንግሬይ ግን ዓሣ ነው፤ አፅሙ በሙሉ እንደ ጆሯችን ካለ ልም አጥንት የተሠራ፣ የሻርክ የቅርብ ዘመድ። እንዲያውም ካርዲናሉ ከስቲንግሬይ ይልቅ ለልጅዎ ይቀርባል። ይህን መምህሩ ቢሰማ ደስ ይለዋል ብዬ አምናለሁ።

ስጋቱን በተመለከተ፣ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ ካርዲናል ከማያሰጉት ተርታ ነው። ሴቷ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት እንቁላል ትጥላለች፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላሉ፤ በዓመትም ደግማ ትጥላለች።

ስቲንግሬይ ሲባል ግን ብዙ ዝርያ ስላለ ለሁሉም አንድ መልስ የለም። ጎብኚዎች ዓሣ በሚነኩባቸው ገንዳዎች የተለመደውን ካውኖዝ ሬይ እንውሰድ፦ አንድ ዓመት ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች። ከመጠን በላይ ከተጠመደች ቶሎ አትተካም፤ መዝገቡም ተጋላጭ ይላታል። ሜሪላንድ በ2017 እ.ኤ.አ. እነዚህን ዓሦች የመግደል ውድድርን በሕግ ማገዷ ተገቢ ነበር። ልጅዎ ስቲንግሬይ የሚያየው በእንዲህ ያለ ገንዳ ከሆነ፣ አጠገቡ ከተለጠፈው ጽሑፍ የዝርያውን ስም ይቅዳ፤ ደረጃው የሚፈለገው በዚያ ስም ነው።