መነጽር የማያሳጥረው ዓይን፦ ስለ ከባድ ማዮፒያ

በጉለሌ ባደግሁበት ዘመን እንጦጦ ለእኔ ከሽሮ ሜዳ በላይ የተዘረጋ አረንጓዴ ደመና ነበር። ተራራው ላይ ያለው ባሕር ዛፍ አንድ በአንድ የሚለይ ግንድ እንዳለው ያየሁት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ መነጽር ባደረግሁ ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ችግሩ ፈጽሞ የተወገደ መስሎኝ ኖርሁ። የዶክትሬት ትምህርቴን በውጭ አገር በምከታተልበት ወቅት ግን በቀኝ ዓይኔ ጠርዝ የብርሃን ብልጭታ ይታየኝ ጀመር። ስመረመር ሬቲናዬ ተቀዶ ተገኘ፤ ሳይላቀቅ በሌዘር ታከመልኝ። መነጽሬ ምን ሠርቶልኝ ምን እንዳልሠራልኝ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ልዩነት ማስረዳት ነው።

የዓይን ርዝመትና ዳዮፕተር

ማዮፒያ ቅርቡን እንጂ ሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር ነው። ከሩቅ የሚመጣ ብርሃን በኮርኒያና በዓይን ሌንስ ተሰብሮ ሬቲና ላይ ማረፍ ይገባዋል። የጎልማሳ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ዓይኑ ከመጠን በላይ ሲረዝም ምስሉ ሬቲናው ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ይፈጠራል። የ1 ሚሊ ሜትር ጭማሪ ወደ 2.5 ዳዮፕተር የሚጠጋ ማዮፒያ ያስከትላል።

ማዮፒያ ያለበት አንባቢ መጠኑን በማስመሪያ ሊገምት ይችላል። መነጽሩን አውልቆ፣ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ፣ ጽሑፍ ቀስ እያለ ያርቅ፤ ፊደሉ መደብዘዝ የሚጀምርበትን ርቀትም በሜትር ይለካ። 1ን ለዚህ ርቀት ሲያካፍል ዳዮፕተሩን ያገኛል። ርቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መነጽሩ -2፣ 12.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ -8 ነው ማለት ነው። የመቀነስ ምልክቱ ሌንሱ ጎድጓዳ መሆኑን ያመለክታል። -6 እና ከዚያ በላይ የሆነው ከባድ ማዮፒያ ይባላል። ይህ ግምት ግን የሐኪምን ምርመራ አይተካም።

አደጋው ከወዴት ነው?

ዓይን ሲረዝም ሬቲናው አብሮ ይለጠጣል፤ እንደተነፋ ፊኛም ይሳሳል። በዚህም ምክንያት ሊቀደድና ከሥፍራው ሊላቀቅ ይችላል፤ ከማዕከሉ ሥርም ደም የሚያፈሱ አዳዲስ የደም ሥሮች ሊበቅሉ ይችላሉ። መነጽርም ሆነ ኮርኒያን የሚቀርጽ የሌዘር ቀዶ ሕክምና የብርሃኑን መንገድ ያቃናሉ እንጂ የተለጠጠውን ዓይን አያሳጥሩም።

ስለዚህ ከባድ ማዮፒያን መመርመር ፊደል ከማስነበብ ያለፈ ሥራ ነው። በሕፃናት ላይ የዓይን ጡንቻ መኮማተር ውጤቱን እንዳያዛባ አስቀድሞ ጠብታ ይደረጋል። የዓይን ርዝመት በብርሃን ይለካል፤ የዓይን ብሌን በመድኃኒት ሰፍቶም የሬቲናው ጠርዝ ይታያል። ኦሲቲ የተባለው መሣሪያ ደግሞ ከሬቲና ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ከማነጻጸሪያ ብርሃን ጋር አገናኝቶ፣ ሁለቱ ሞገዶች ከሚያሳዩት መደጋገፍና መጠፋፋት የሬቲናውን ንብርብር በማይክሮ ሜትር ደረጃ ያነብባል።

የምርምር ውጤቶች

በቻይና ጓንግዡ ከተማ በ12 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ የአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ከቤት ውጭ እንዲያሳልፉ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ ማዮፒያ የጀመራቸው ከእነርሱ 30.4 በመቶ ሲሆኑ፣ እንደወትሮው ከቆዩት ግን 39.5 በመቶ ነበሩ። በሆንግ ኮንግ ደግሞ ከ4 እስከ 12 ዓመት በሆናቸው 438 ልጆች ላይ ሦስት መጠን ያለው የአትሮፒን ጠብታ ተሞክሮ፣ ከሦስቱ 0.05 በመቶው የማዮፒያን መባባስ በበለጠ ገትቷል። ጠብታው ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ አይደለም። በማዕከሉ ሥር ለሚበቅሉት የደም ሥሮችም ዛሬ ዓይን ውስጥ የሚወጋ መድኃኒት አለ።

በአገራችን በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት፣ የብርሃን ስብረት ጉድለት የዓይነ ስውርነትን 7.8 በመቶ፣ የእይታ ማነስን ደግሞ 33.4 በመቶ እንደሚይዝ አሳይቷል። በብዙ ሥፍራ ዛሬም የመጀመሪያው ጥያቄ መነጽር ማግኘት ነው። በእጃችን መነጽር ያለን ግን በዚያ ብቻ ልንረካ አይገባም።

መነጽሩ ከ-6 ያለፈ ተማሪ ደህና ቢያይም እንኳ ብሌኑ ሰፍቶ ሬቲናው እንዲታይለት ይጠይቅ። ብልጭታ፣ በድንገት የሚበዙ ተንሳፋፊ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ከታየው ቀን ሳይሰጥ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ። በጉለሌ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወዲያ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍሎች አሏቸው። ሰሌዳውን ዓይኑን አጥብቦ የሚያይ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያለው አንባቢም ከዛሬ ጀምሮ ማስመሪያውን ያውጣ፤ እኔ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ዘግይቻለሁ።