ደመወዙ ጡረታ አለው፤ ሱቁስ?



በከተሞቻችን በሁለት ገቢ የሚተዳደር ሙስሊም ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ጠዋት ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ጨርቅ ይሸጣል። ቀን ቢሮ ይውላል፤ ማታ ስፌት መኪናው ላይ ይቀመጣል። እኔም ብሆን በጋዜጠኝነቴ ደመወዝ አገኛለሁ፤ በጎን ደግሞ የትርጉም ሥራ እየሠራሁ የቤቴን ጎዶሎ እሞላለሁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። በስድሳ ዓመቱ ከሥራ ሲሰናበት የሚያገኘው የጡረታ አበል የትኛውን ገቢ የቆጠረ ነው? መልሱ አጭር ነው፤ ደመወዙን ብቻ።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ አዋጅ የወጣለት በ1955 ዓ.ም. ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን አዋጅ ቁጥር 715 በ2003 ዓ.ም. እስኪታወጅ ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ይህ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርለታል። በድምሩ 18 በመቶ መሆኑ ነው። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ጡረታ ሲወጣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

እንግዲህ አንድ የቢቸና ወይም የሞጣ መምህር እናስብ። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ነው እንበል፤ ከሱቁም በወር 15,000 ብር ያተርፋል። ቤተሰቡ የለመደው የ25,000 ብር ኑሮ ነው ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት አገልግሎ ጡረታ ሲወጣ አበሉ የደመወዙ 55 በመቶ፣ ማለትም 5,500 ብር ይሆናል። ይህ ከለመደው ገቢ 22 በመቶው ብቻ ነው። አላህ ወደ አኼራ ቢወስደው ደግሞ ለሚስቱ የሚደርሳት የአበሉ ግማሽ፣ 2,750 ብር ነው።

«ሱቁ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሱቁ ጉልበት እስካለ ድረስ አለ። ነገር ግን ሱቅ የሚያተርፈው ባለቤቱ ቆሞ ሲሠራ ነው፤ እግር ሲደክምና ዐይን ሲፈዝ ትርፉም አብሮ ይደክማል። ከዚህም በላይ ሀብት ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲቀመጥ አደጋው ከባድ ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ነደዋል፤ ተዘርፈዋልም። የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በዕቃ መልክ ደርድሮ የነበረ ሰው፣ ሥራውን ብቻ ሳይሆን የእርጅና ስንቁንም በአንድ ቀን አጥቷል።

ከሞጣ ወደ ጎንደር በኩል የሚያሻግረውን የዓባይን «ሰባራ ድልድይ» የሚያውቅ ያውቀዋል። በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ይህ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ወዲህና ወዲያ ያለው ግንብ ጠንካራ ሆኖ ሳለ፣ መንገደኛው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ደመወዝና ንግድ ያለው ሰውም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ወገን ደህና ይመስላል፤ በጡረታ ዕለት ግን መካከሉ ክፍት ሆኖ ይገኛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በበኩሌ የሚከተለውን እላለሁ።

አንደኛ፣ ሕጉ ለደመወዝ ያወጣውን ልክ ለንግዱም እንዋሰው። ከ15,000 ብር ትርፍ 18 በመቶው 2,700 ብር ነው። ይህን ሁሉ መቻል ካልሆነ በ7 በመቶው፣ በ1,050 ብር መጀመር ይቻላል። ዋናው ነገር ገንዘቡ ከሱቁ ካፒታል ተለይቶ መቀመጡ ነው። ወለድን የሚሸሽ ሰው ዛሬ ከወለድ ነፃ ሒሳብ አላጣም፤ እነ ዘምዘምና ሒጅራን የመሳሰሉ ባንኮችም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ጀምረዋል።

ሁለተኛ፣ ተቀማጩ ሁሉ ጥሬ ብር አይሁን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ የብር አቅም እንዴት እንደወረደ አይተናል። ከፊሉን ወርቅ ወይም የሚከራይ ቤት ማድረግ ይበጃል።

ሦስተኛ፣ የ2003ቱ አዋጅ በመደበኛ ባልሆነው ዘርፍ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው በጡረታው እንዲሸፈኑ በር ከፍቶ ነበር። ደመወዝ የሌላቸው፣ በንግድ ብቻ የሚተዳደሩ ወንድሞችና እህቶች በአሁኑ ሕግ ምን ዕድል እንዳላቸው ከማኅበራዊ ዋስትናው መሥሪያ ቤት ቀርበው ይጠይቁ።

አራተኛ፣ ዘካን አንርሳ። በእጃችን ያለው ተቀማጭ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ደርሶ የጨረቃ ዓመት ከሞላው 2.5 በመቶ ይወጣበታል። መንግሥት ዘንድ ያለውን የጡረታ መዋጮ በተመለከተ ግን ብዙዎቹ የዘመናችን ዑለሞች ገንዘቡ እጃችን እስኪገባ ድረስ ዘካ የለበትም ይላሉ።

አምስተኛ፣ ሱቃችን ውስጥ የቀጠርነው ሠራተኛም እንደኛው ያረጃል። ከደመወዙ 7 በመቶ ቆርጦ ገቢ አለማድረግ፣ ወይም የራስን 11 በመቶ መሸሸግ አማናን መብላት ነው።

«ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ለነገ ምን አስጨነቀን?» የሚሉ አሉ። ሪዝቅ ከአላህ መሆኑ ጥርጥር የለውም። ይሁንና ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የጥጋቡን ሰባት ዓመታት እህል ለድርቁ ሰባት ዓመታት እንዲከማች ሲመክሩ ተወኩላቸው አልጎደለም። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስም ታመው ሀብታቸውን ሊናዘዙ በጠየቁ ጊዜ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከሲሶ እንዳያልፉ ከልክለው ወራሾችን የሰው እጅ እንዲያዩ አድርጎ ከመተው የተብቃቁ አድርጎ መተው እንደሚሻል አስተምረዋቸዋል።

እንግዲህ በዚህ ወር መጨረሻ የደመወዝ ወረቀታችንን ስናነብ «የጡረታ መዋጮ» የሚለውን መስመር እንፈልግ። ከዚያም ከጎኑ የሱቁን መዋጮ በእጃችን እንጻፍበት።

ወላሁ አዕለም።