ጓሮህን ዳዋ ሳይውጠው

ልጄ፣ ዛሬ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተሳልሜ ስመለስ በአጥርህ በኩል አለፍኩ። እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጎመንና ጤና አዳም ትቀጥፍበት የነበረው ጓሮ ዳዋ ለብሷል። ልብህ ደግ ነው፤ እጅህ ግን ይዘነጋል። እስቲ አፈር ስገለብጥ ዕድሜዬን ሙሉ የተማርኩትን ልንገርህ።

1. ዶማ ከማንሳትህ በፊት የአረሙን ስም ለይ። ሰርዶ መሬት ለመሬት ይሳባል፤ ቱልት በወፍራም ሥሩ ቁልቁል ይሰድዳል። እሾሃም ፍሬ ያለው አስተናግር መርዝ ነውና ልጆች ሳይነኩት አስቀድመህ አውጣው። የጥድ ችግኝ ወይም ቀጋ ካገኘህ ግን ተወው፤ እነሱ የዚህ ተራራ ባለቤቶች ናቸው።

2. ሰርዶን አትክተፈው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ምኞቷ አልሠመረም፤ አንዲት አንጓ አፈር ውስጥ ከቀረች ከዚያው ታቆጠቁጣለች። በወጣትነቴ በዶማ ከትፌው፣ በክረምቱ እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። በደረቁ ወራት፣ ከጥር ጀምሮ እስከ የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ድረስ፣ አፈሩን ከሥር እያነሳህ ሥሩን ሳይበጠስ ምዘዘው። ከዚያ ድንጋይ ላይ አስጣው፤ የቀረውን ፀሐይ ትጨርስልሃለች።

3. አበባውን ሳታይ ንቀል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አፈሩ ስለሚለሰልስ አረሙ በእጅ ይወጣል። መስከረም ካገኘው ግን ጨጎጊቱ በልብስህ ተጣብቆ ቤት ድረስ ይከተልሃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

4. ወደ ግቢህ የሚገባውን ፈትሽ። ቅንጨ አረም የሚበረታው ከእኛ ዝቅ ባለው አገር ነው፤ ነገር ግን ከአሸዋና ከአፈር ጭነት ጋር ይጓዛል። አንዷ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ልትበትን ትችላለች። ካየሃት በባዶ እጅህ አትንካት፤ ቆዳ ታሳክካለች፣ ትንፋሽም ታውካለች። ፍግም ስትገዛ በደንብ የበሰለውን ምረጥ፤ ጥሬው ፍግ የአረም ጎተራ ነው።

5. የባሕር ዛፍ ጉቶ ሞቷል ብለህ አትዘናጋ። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማገዶ ያጣችውን ከተማችንን ታድጓልና አልነቅፈውም። ለጓሮ ግን አይሆንም፤ ውሃውን ሁሉ ይጠጣዋል። ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ቡቃያው ጣት ሳያክል በየሁለት ሳምንቱ ገንጥለው። ጉቶው ቅጠል ካጣ ቀስ በቀስ ይደክማል።

6. ተዳፋቱን አታራቁተው። በአንድ ቅዳሜ ሁሉንም ልጨርስ ብለህ ካጸዳኸው የክረምቱ ጎርፍ አፈርህን ጠርጎ ቀበና ወንዝ ይከተዋል። ከላይ ጀምረህ በጠባብ በጠባቡ አጽዳ፤ ዘር ያልያዘውን አረም እዚያው መሬቱ ላይ አልብሰው።

7. ባጸዳኸው ቦታ ላይ ወዲያው ትከል። ባዶ መሬት ባለቤት ይፈልጋል፤ አንተ ካልሰጠኸው አረሙ ራሱን ይሾማል። ለዚህ ብርድ ድንች፣ ባቄላና ጎመን ይስማማሉ። በአጥሩ ዳር አንድ የኮሶ ችግኝ ጨምር፤ ጥላው ለልጆችህ ይሆናል።

ሁሉንም ዛሬ አድርግ አልልህም። በየወሩ በ16 ተሳልመህ ስትመለስ አንዲት ሰዓት ለጓሮህ ስጥ። እኔም በዚያው ቀን በአጥርህ በኩል አልፋለሁ፤ አይሃለሁ።